ታንኩ ባዶ ነው ወይስ ሩብ አለው?



ስለ ሮኬት የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ እሳቱ ነው፤ ግፊቱ ይህን ያህል፣ ፍጥነቱ ያን ያህል እያለ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ከእሳቱ ጀርባ ስላሉት ነገሮች ልነግራችሁ ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ለሰው ስለሚናገሩት ጌጆች፣ ሽቦዎችና ቆጣሪዎች፣ የእነሱንም ቃል ሰምቶ ሞተሩን ስለሚገራው የቁጥጥር ሥርዓት። ሞተሩ ደግሞ ተራ ሞተር ሳይሆን በኑክሌር ኃይል የሚሠራ ሮኬት ነው። ርዕሱ ደረቅ ይመስላል፤ ታገሡኝ፣ መሐል ላይ የሚፈነዳ ነገር አለ። ዓመት በጠራሁ ቁጥር በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑንም ያዙልኝ።

አሠራሩ ሲነገር አጭር ነው። እኛ የምናውቀው ሮኬት ነዳጅና ኦክስጅን ያቃጥላል። የኑክሌሩ ሮኬት ምንም አያቃጥልም። ዩራኒየም የተዋሃዳቸው የግራፋይት ዘንጎች በብዙ መቶ ተደርድረው ሬአክተር ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ዘንግ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ። ከታንኩ የመጣው ሃይድሮጅን በእነዚያ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ይግላል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያም በአፈሙዙ በኩል ይወረወራል። ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ እጅግ ፈጥኖ ይወጣል፤ በዚህም የተነሳ እያንዳንዱ ኪሎ ከምርጡ የኬሚካል ሮኬት ነዳጅ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል። ወደ ማርስ የሚያልሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ዓይናቸውን ከዚህ ሞተር ያልነቀሉት ለዚህ ነው።

አሁን የመለኪያ ሰው የሚያየውን እዩልኝ። ሃይድሮጅኑ ታንክ ውስጥ እያለ 20 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዘንጎቹ ሲወጣ ከ2,000 ኬልቪን በላይ ይሆናል። የዘንጎቹ ርዝመት ደግሞ 1 ሜትር ከ30 ግድም ብቻ ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ብረት እንደ ብርጭቆ የሚሰበርበት ቅዝቃዜም ብረት የሚቀልጥበት ሙቀትም አለ፤ በላዩ ላይ የኒውትሮንና የጋማ ጨረር ይዘንባል። መለኪያ መትከል ያለባችሁ እዚያ ነው። መለኪያው እውነቱን እንዲናገር የምትጠብቁትም እዚያው ሆኖ ነው።

ይህን የሞከሩት አሜሪካኖች ናቸው። ሮቨር የተባለው ፕሮጀክት በ1955 በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ተጀመረ። ሬአክተሮቹ የሚነዱት ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ጃካስ ፍላትስ በሚባል ሜዳ ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ርቀው በመቆጣጠሪያ ክፍል ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ሬአክተሮች ኪዊ አሏቸው፣ መብረር በማትችለው የኒውዚላንድ ወፍ ስም፤ እነሱም የተሠሩት ለመብረር አልነበረምና። ከ1961 ጀምሮ ኤሮጄትና ዌስቲንግሃውስ የተባሉ ኩባንያዎች ሊበር የሚችለውን ሞተር፣ ኔርቫን፣ እንዲሠሩ ተዋዋሉ። በጥር 1973 ፕሮግራሙ ሲዘጋ ወደ ሃያ የሚጠጉ ሬአክተሮች ተሠርተው ተፈትነው ነበር።

ሬአክተሩን የሚገሩት ከበሮዎች ናቸው። በሬአክተሩ ዙሪያ፣ ሊያመልጥ የሚሮጠውን ኒውትሮን ወደ ውስጥ የሚመልስ የቤሪሊየም ግድግዳ አለ። ግድግዳው ውስጥ በኔርቫዎቹ 12፣ ፊበስ 2ኤ በተባለው ትልቁ ሬአክተር ደግሞ 18 ከበሮዎች ቆመዋል። ከበሮው ራሱ ቤሪሊየም ነው፤ አንድ ጎኑ ግን ኒውትሮን የሚውጥ ቦሮን ለብሷል። ቦሮኑ ወደ ውስጥ ሲዞር ሬአክተሩ ይተኛል፤ ወደ ውጭ ሲዞር ይነሳል። ከ1,000 ሜጋዋት በላይ የሚያመነጨው ሞተር መሪው ይህ ግማሽ ዙር ነው።

የሰው እጅ ሥራ የሆነ ማሽን ይህን ሊመራ የቻለው ደግሞ ተፈጥሮ ባደረገችልን አንድ ውለታ ነው። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ የሚወጡት ኒውትሮኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም በቅጽበት ይወጣሉ። 0.65 በመቶ ያህሉ ግን ይዘገያሉ፤ ከክፍልፋይ ሰከንድ እስከ ደቂቃ ቆይተው ነው የሚመጡት። ሬአክተሩ ያለ እነዚህ ዘግይቶ ደራሾች ራሱን መቀጠል እንዳይችል አድርጋችሁ ከያዛችሁት፣ የኃይሉ አወጣጥ በሰከንዶች የሚለካ ይሆናል፤ ሞተርና ማርሽ ሊደርስበት ይችላል። ያችን 0.65 በመቶ ካለፋችኋት ግን የትኛውም ከበሮ አይደርስበትም።

አሜሪካኖቹ ይህን በወረቀት ላይ ብቻ አልተዉትም። ጥር 12 ቀን 1965 አንድ ኪዊ ሆን ብለው አፈነዱ። ከበሮዎቹ በተለመደው አሠራራቸው ቢበዛ በሰከንድ 45 ዲግሪ ነበር የሚዞሩት፤ በዚያ ፍጥነት ሬአክተሩን ማፈንዳት አይቻልም። ስለዚህ አንቀሳቃሾቹን ቀይረው በሰከንድ 4,000 ዲግሪ እንዲዞሩ አደረጓቸው። ያኔ የግራፋይቱ ከፊሉ ተነነ፣ ሬአክተሩም ተበታተነ። ሙከራው ኪዊ-ቲኤንቲ ተባለ። ለእኔ ከፍንዳታው የሚበልጠው ዜና ከፍንዳታው በፊት ያለው ነው፤ ሞተሩን ለማፈንዳት መጀመሪያ የቁጥጥር ሥርዓቱን ማበላሸት አስፈልጓቸዋል። ቀርፋፋ አንቀሳቃሽ እዚህ ድክመት ሳይሆን አጥር ነበር።

ከከበሮው በላይ የቁጥጥር ቀለበቶች ተደራርበዋል። የውስጠኛው ቀለበት ከበሮው የታዘዘበት ማዕዘን ላይ መድረሱን ያያል። ቀጣዩ የኒውትሮኑን ብዛት አይቶ የሬአክተሩን ኃይል ይጠብቃል። የውጭኛው የሙቀቱን ልክ አይቶ ለኃይሉ ቀለበት ትዕዛዝ ይሰጣል። ከጎናቸው ሌላ አለ፤ የሃይድሮጅኑን ፓምፕ ወደሚያዞረው ተርባይን የሚሄደውን ጋዝ በቫልቭ እየከፈተና እየዘጋ ፓምፑን ያፈጥናል፣ ያዘገያል፣ በዚህም ግፊቱን ይይዛል። አብራሪው የሚያዘው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ሙቀትና ግፊት። የቀረው የማሽኑ ጣጣ ነው።

ጣጣውም ቀላል አይደለም፣ ቀለበቶቹ ይነካካሉና። ሃይድሮጅን ማቀዝቀዣ ብቻ አይደለም፤ ኒውትሮንን ስለሚያዘገይ ወደ ሬአክተሩ በብዛት ሲገባ የሬአክተሩን ኃይል ራሱ ከፍ ያደርጋል። ግፊት ጨምሩ ስትሉት ሙቀቱም ኃይሉም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሬአክተር ሲለቀቅ የብዙዎች ስጋት ይኸው ነበር፦ ግማሹ ጋዝ፣ ግማሹ ፈሳሽ እየሆነ ሲገባ ሬአክተሩ ይናወጥ ይሆን? መስከረም 1 ቀን 1962 ኪዊ ቢ1ቢ ተሞከረ። በኋላ የነዳጅ ዘንጎች ተሰብረው በአፈሙዙ ቢወጡም፣ አነሳሱ ግን ሰላም ነበር። ከበሮዎቹ ነገሩን ያዙት።

እስኪ ወደ መለኪያዎቹ ቀረብ እንበል። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፣ ባሕርያቸውም አይገናኝም። የኒውትሮን ቆጣሪው ፈጣን ነው፤ ሬአክተሩ ሲነሳ ወዲያው ይናገራል። ግን የሚቀመጠው ከሬአክተሩ ውጭ ስለሆነ የሚቆጥረው ከውስጥ ያመለጠውን ነው። በመካከል ያለው ሃይድሮጅን ሲወፍርና ሲሳሳ፣ ከበሮው ሲዞር፣ የሚያመልጠው መጠን ይለወጣል፤ የሬአክተሩ ኃይል ሳይለወጥ ንባቡ ሊለወጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ሬአክተሩ ከተኛበት እስከ ሙሉ ኃይሉ ያለው ልዩነት በቢሊዮን እጥፍ ስለሚቆጠር አንድ ቆጣሪ ሁሉንም አይሸፍነውም፤ ለአነሳስ አንድ፣ ለመካከል አንድ፣ ለሙሉ ኃይል ሌላ ያስፈልጋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያዋም ቅጽበት የራሷ አደጋ አላት።

የሙቀት መለኪያው፣ ቴርሞካፕሉ፣ በተቃራኒው ቀርፋፋ ነው፤ ግን የሚያወራው በቀጥታ ስለሚያሳስበን ነገር፣ ስለ ሙቀቱ ነው። በዚህ ሙቀት የተለመዱት የቴርሞካፕል ብረቶች ስለማይቆሙ ከተንግስተንና ከሬኒየም የተሠራ ሽቦ ይመረጣል። ኒውትሮን ለረጅም ጊዜ ሲያርፍበት ግን የተንግስተኑ አቶም ቀስ በቀስ ወደ ሬኒየም፣ ሬኒየሙ ወደ ኦስሚየም ይለወጣል። ሽቦው ሳይበጠስ፣ ምልክት ሳይሰጥ፣ የተሠራበት ብረት ሌላ ብረት ይሆናል፤ ንባቡም ማንም ሳያውቅ ይሸሻል። ለሰዓታት ብቻ በሚነድ የሮኬት ሞተር ይህ ትንሽ ነው፤ ለዓመታት በሚሠራ ሬአክተር ግን ከባድ ነው። ከተበጠሰ መለኪያ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ዓይነት ነው።

መለኪያ ያልተተከለለት ነገርስ? ኅዳር 30 ቀን 1962 ኪዊ ቢ4ኤ ኃይሉን እየጨመረ ሳለ በአፈሙዙ ብልጭታ ታየ። ከዚያ ደጋገመ። ሬአክተሩን አጠፉት፤ ሲከፈትም ዘንጎቹ ተሰባብረው ተገኙ። ብልጭታው ከሬአክተሩ የሚወረወር ስባሪ ነበር። ፕሬዝዳንት ኬኔዲ ቦታውን የጎበኙት ከስምንት ቀን በኋላ፣ በታኅሣሥ 8 ነው። የስብራቱን መንስኤ ለማግኘት መሐንዲሶቹ ያደረጉት ብልህነት የተሞላበት ነገር ነበር፦ እሳቱን ከጨዋታው አወጡት። ሬአክተሩን ሳያነሱ ጋዝ ብቻ አሳለፉበት፤ ዘንጎቹም በጋዙ ፍሰት ብቻ ሲንቀጠቀጡ ተገኙ። ኑክሌሩ ምንም አላጠፋም ነበር። አሠራሩ ተስተካክሎ በ1964 ኪዊ ቢ4ዲ ሲነድ ንዝረቱ አልታየም።

አሁን ቃል የገባሁላችሁ ጋ ደረስን። በ1965 በሁለት ወር ልዩነት ሁለት ሬአክተሮች በመለኪያ ተታለዋል፤ አታላዮቹም የተለያዩ ነበሩ።

ሚያዝያ 23 ቀን ኤንአርኤክስ-ኤ3 የተባለው የኔርቫ ሬአክተር በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነበር። ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል እንደሄደ በድንገት ተዘጋ። የዘጋው፣ ተርባይኑ ከልክ በላይ ፈጠነ የሚለው የጥበቃ መስመር ነው። ተርባይኑ ግን አልፈጠነም፤ ምልክቱ ሐሰት ነበር። ሬአክተሩ ደህና ስለነበር በግንቦት ደግመው አነሡት።

ሰኔ 25 ፊበስ 1ኤ ተራውን ያዘ። ከ1,000 ሜጋዋት በላይ እየሰጠ ከ10 ደቂቃ በላይ ያለ እንከን ነደደ። ታንኩ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን መጠን የሚናገሩት ጌጆች በኤሌክትሪክ አቅም የሚሠሩ ነበሩ። ሐሳቡ ብልህ ነው፦ ሁለት ብረቶች ፈሳሹ ውስጥ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ፈሳሽ ሃይድሮጅን ሲኖር የሚይዙት የኤሌክትሪክ ሙላት ጋዝ ሲኖር ከሚይዙት ከሃያ በመቶ ትንሽ ይበልጣል፤ ያችን ልዩነት ለክቶ የፈሳሹን ከፍታ ማወቅ ይቻላል። ልዩነቷ ግን ያችው ናት፤ ትንሽ ነገር ያበላሻታል። ከሬአክተሩ የሚወጣው ኃይለኛ ጨረር አበላሻት።

መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ባለሙያዎች ሁለት ንባብ አዩ። አንዱ ጌጅ ታንኩ ሊያልቅ ነው አለ። ሌላው ገና ሩብ አለ አለ። ሩብ አለ ያለውን አመኑ። ሃይድሮጅኑ አለቀ። የሚያቀዝቅዘው ያጣው ሬአክተር ከ2,000 ኬልቪን በላይ እንደነደደ በቅጽበት ከልክ በላይ ጋለና ፈነዳ፤ ከነዳጁ አንድ አምስተኛ ያህሉ ተተፍቶ ወጣ፣ የቀረው አብዛኛው ቀለጠ።

ጽዳቱንም ልንገራችሁ፤ ያንን የጌጅ ንባብ ዋጋ የሚያሳየው እሱ ነው። ጨረሩ እስኪቀንስ ቦታውን ስድስት ሳምንት ተዉት። የተበከለውን አፈር ምላጩ ላይ ጎማ በተገጠመለት ግሬደር ሊሰበስቡት ሞከሩ፤ አልሆነም። በትልቅ የአቧራ መምጠጫ መጠጡት። በሲሚንቶው ላይ የተረፈውን ስባሪ መጀመሪያ በሮቦት ለቀሙ፤ ሮቦቱ ዘገየባቸው። በመጨረሻ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች በመቆንጠጫ እያነሱ፣ በእርሳስ በተሸፈኑና ጎማ ባላቸው የቀለም ጣሳዎች ውስጥ እየጣሉ ሰበሰቡት። 400 ያህል ሰው ሁለት ወር ሠራ።

በእነዚያ ባለሙያዎች ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ አልፈርድባቸውም። ሁለት ምስክር ቀርቦ አንዱ አዎ፣ ሌላው የለም ካለ ሽማግሌ ምን ይበይናል? ሦስተኛ ምስክር ይጠራል እንጂ። ሦስት ጌጅ ቢኖር ኖሮ ሁለቱ የተስማሙበት ይወሰድ ነበር፤ ዛሬ በአውሮፕላንም በኃይል ማመንጫም ከሦስት ሁለት የሚባለው የድምፅ ደንብ ይህ ነው። ግን እዚህ ላይ መቆምም አይበቃም። ሦስቱም ጌጆች በአንድ ዘዴ የሚሠሩ ከሆነ፣ አንዱን ያሳተ ጨረር ሁለተኛውንም ሊያስት ይችላል፤ ያኔ ድምፁ በአብላጫ ይሳሳታል። ሦስተኛው ሌላ ዘር መሆን አለበት። ለምሳሌ ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ በፓምፑ ያለፈውን ሃይድሮጅን እየደመሩ፣ ከተሞላው ላይ እየቀነሱ ስንት እንደቀረ ማስላት ይቻላል፤ ይህ ታንኩ ውስጥ የሚገባ ምንም ነገር አይፈልግም።

ኤንአርኤክስ-ኤ3ንና ፊበስ 1ኤን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ የኑክሌር ሮኬት ከኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚለይበት ነው። ማመንጫ ውስጥ ጥርጣሬ ካለ ዝጋው ነው ደንቡ፤ ከተማው ለጥቂት ሰዓት ይጨልማል፣ በቃ። ሮኬት ውስጥ ግን መዝጋት ነጻ አይደለም። ሰዎችን ከማርስ እየመለሰ ያለ ሞተር በሐሰት ምልክት ቢዘጋና ባይነሳ፣ መርከቧ ምድርን ስታ ታልፋለች። ደግሞም ሬአክተር ሲዘጋ አይበርድም። የመሰንጠቅ ሂደቱ ከቆመ በኋላም የተሰነጠቁት አቶሞች ቅሪት መሞቁን ይቀጥላል፤ በተዘጋ ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ እስከ 6 ወይም 7 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከ1,000 ሜጋዋት ላይ ይህ ከ60 ሜጋዋት በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከተዘጋም በኋላ ለሰዓታት ሃይድሮጅን በየጊዜው ማሳለፍ ግድ ነው፤ የቁጥጥር ሥርዓቱ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ሥራ ላይ ነው፣ የታንኩም ጌጅ ያኔ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ፈሪ የሆነ ጥበቃና ከልክ በላይ ደፋር የሆነ ሰው፣ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱም ኔቫዳ ላይ ታይተዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተሻሽሏል። በየካቲት 1966 ኤንአርኤክስ/ኢኤስቲ ሬአክተሩን፣ ተርባይኑንና ፓምፑን አንድ ላይ አድርጎ ከውጭ ኃይል ሳይበደር በራሱ መነሳት እንደሚቻል አሳየ። በ1967 ኤንአርኤክስ-ኤ6 ለአንድ ሰዓት ነደደ። በ1968 ፊበስ 2ኤ ከ4,000 ሜጋዋት አለፈ። የመጨረሻው ሞተር፣ ኤክስኢ ፕራይም፣ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ፣ በህዋ እንደሚሆነው ተገጣጥሞ 28 ጊዜ ተነስቷል፤ በተለያየ የአነሳስ ዘዴ። እኔ ከሁሉም የማደንቀው ይህን ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ መንደድ የእሳት ጉዳይ ነው፤ 28 ጊዜ መነሳት የቁጥጥር ጉዳይ ነው።

ሶቪየቶችም በሴሚፓላቲንስክ የራሳቸውን ሞክረዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከኤክስኢ ፕራይም ወዲህ የነደደ ሙሉ የኑክሌር ሮኬት ሞተር የለም። በ2023 የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት የሆነው ዳርፓና ናሳ ድራኮ በሚል ስም አንድ ሞተር በ2027 ህዋ ላይ ለማንደድ ተነስተው ነበር፤ በ2025 ተሰረዘ። ሌላ መምጣቱ አይቀርም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምህንድስና የምታጠኑ ልጆች አላችሁ። ኑክሌር ሮኬት ላይ ትሠሩ ይሆናል፣ ላትሠሩም ትችላላችሁ፤ የግድብ ተርባይንም ሆነ የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ በመለኪያ ነው የሚመራው። ንድፍ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ኃይሉ ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁ። እያንዳንዱን ነገር ስንት መለኪያ እንደሚያየው፣ በስንት ዓይነት ዘዴ እንደሚያየው፣ ሁለቱ ሲጣሉ ማን እንደሚዳኝ ጠይቁ። ወጪ ለመቀነስ ሦስተኛውን መለኪያ ከንድፉ አውጡ ሲሏችሁ ደግሞ አትፈርሙ።